ለመጠለያ ውሾች የሚሰፋ የፍሊስ ካፖርት፦ የአንባብያን ጥያቄዎችና መልሶች

ባለፈው ዕትም በዚህ ዓምድ ከስፌት የተረፉ ጨርቆችን ለውሻ መጠለያዎች ስለ መስጠት ጥቂት ጽፈን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ስለሚያነሡ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእርሱ ሰጥተነዋል፤ ይኸውም ከጎዳና ተነሥተው ወይም በባለቤቶቻቸው ተጥለው በመጠለያ ለሚኖሩ ውሾች ከፍሊስ፣ ማለትም ገጹ ከጎፈረና ከሚያሞቅ የፖሊስተር ጨርቅ፣ ቀላል ካፖርት መስፋት ነው። ተመሳሳይ የሆኑትን ጥያቄዎች አጣምረናል፣ የረዘሙትንም አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ «ከእናቴ የወረስኩት የስፌት መኪና አለኝ። ለመጠለያ ውሾች ካፖርት ልስፋ ብዬ ስነሣ ባለቤቴ ‹ተፈጥሮ ፀጉር አልብሳዋለች፤ አንቺ ምን ልትጨምሪለት ነው?› ይለኛል። በእርግጥ ካፖርት የሚያስፈልገው ውሻ አለ?»

መልስ፦ ባለቤትዎ በከፊል ልክ ናቸው። ከላይ ሻካራ፣ ከሥር ደግሞ እንደ ጥጥ የለሰለሰ ድርብ ፀጉር ያላቸው ውሾች፣ ለምሳሌ እንደ ሀስኪ ያሉት፣ ካፖርት ቢያለብሷቸው ይጨነቁበታል እንጂ አይጠቀሙበትም። ውሻ እንደ ሰው በመላ ሰውነቱ አያልበውም፤ የላብ ዕጢዎቹ በአብዛኛው በመዳፎቹ ሥር ስለሚገኙ ሙቀቱን የሚያስወጣው በዋነኛነት በማለክለክ ነው። ስለዚህ ካፖርት የለበሰ ውሻ ሳይሮጥ የሚያለከልክ ከሆነ ወዲያውኑ ሊወልቅለት ይገባል።

ይሁን እንጂ ሁሉም ውሻ ሀስኪ አይደለም። ግሬይሃውንድን የመሰሉት ውሾች ፀጉራቸው አጭርና ስስ፣ ከቆዳቸው ሥር ያለው ስብም ጥቂት ስለ ሆነ ቅዝቃዜ ቶሎ ይሰማቸዋል። ትንንሾቹ ውሾች ደግሞ ከክብደታቸው አንጻር ለአየር የተጋለጠው የሰውነታቸው ገጽ ሰፊ በመሆኑ ሙቀታቸውን ከትልልቆቹ ፈጥነው ያጣሉ። በዚህ ላይ ቡችሎችን፣ ያረጁትን፣ በረኃብ የከሱትን፣ በእከክ ምክንያት ፀጉራቸው የረገፈውን፣ ለቀዶ ሕክምና የተላጩትንና ከማደንዘዣ በመንቃት ላይ ያሉትን ጨምሩበት። የጤናማ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ነው፤ የተዳከመ ሰውነት ይህን ሙቀት ለመጠበቅ የሚያወጣው ጉልበት ለማገገሚያው ከሚያስፈልገው ላይ የሚቀነስ ነው። ካፖርቱ ትርጉም የሚኖረው ለእነዚህ ነው። በጤናው ላይ ላለና ድርብ ፀጉር ላለው ውሻ እንዲያምርበት ብቻ የሚሰፋ ካፖርት፣ በእኔ አስተያየት፣ የጨርቅም የጊዜም ብክነት ነው።

ጥያቄ፦ «የተዘጋጀ ፓተርን መግዛት አልፈልግም። ልኩ ከየት እስከ የት እንደሚወሰድና ንድፉን በወረቀት ላይ ራሴ እንዴት እንደማወጣ በዝርዝር ቢያስረዱኝ።»

መልስ፦ ሦስት ልኮች ይበቃሉ፤ ከሦስቱ ዋነኛው የደረት ልክ ነው። ውሻው በአራት እግሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሳለ፣ ከፊት እግሮቹ በስተኋላ ደረቱ በጣም ዝቅ ብሎ በሚወርድበት ቦታ ሜትሩን አዙረው ይለኩ፤ በሜትሩና በፀጉሩ መካከል ሁለት ጣትዎ ሳይጨናነቅ መግባት አለበት። ሁለተኛው የጀርባ ርዝመት ሲሆን፣ አንገቱ ከትከሻው ጋር ከሚገናኝበት ቦታ እስከ ጅራቱ ሥር ድረስ ይለካል። ሦስተኛው የአንገት ዙሪያ ነው፤ ይህም የአንገት ማሰሪያው በሚውልበት ቦታ ሳይሆን ዝቅ ብሎ አንገቱ እየሰፋ ወደ ትከሻ በሚሄድበት ቦታ መወሰድ አለበት። ተቀምጦ የተለካ ውሻ ጀርባው ስለሚጎብጥ ልኩ ትክክል አይወጣም።

ለምሳሌ ያህል ደረቱ 65፣ ጀርባው 50፣ አንገቱ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ መካከለኛ ውሻ እንውሰድ። የጀርባው ቁራጭ የደረቱን ዙሪያ ሁለት ሦስተኛ ያህል መሸፈን ስላለበት ስፋቱ 44 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የምንሥለው ግን ግማሹን ብቻ ስለ ሆነ 22 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 70 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ወረቀት ያዘጋጁ። ርዝመቱን 70 ያደረግነው 50ውን ለጀርባው፣ የቀረውን 20 ደግሞ ከትከሻው ወደ ፊት መጥተው ደረቱ ላይ ለሚደራረቡት ሁለት ክንፎች በማሰብ ነው። ከወረቀቱ ረጃጅም ጠርዞች በአንዱ ላይ «የጀርባ መሐል» ብለው ይጻፉ፤ ጨርቁ ሲታጠፍ እጥፋቱ የሚውለው በዚህ በኩል ነው።

አሁን የአንገቱን ቅርጽ እናውጣ። ከላይኛው ጠርዝ ተነሥተው በጀርባ መሐል መሥመር ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ይውረዱና ነጥብ ያድርጉ። ከዚያም በላይኛው ጠርዝ ላይ ከጀርባ መሐል 13 ሴንቲ ሜትር ርቀው ሁለተኛ ነጥብ ያድርጉና ሁለቱን ነጥቦች በቅስት ያገናኙ። ቅስቱ ከጀርባ መሐል ሲነሣ አግድም ሄዶ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ላይ መታጠፍ አለበት፤ በቀጥተኛ መሥመር ከተቆረጠ የአንገቱ ቀዳዳ ሹል ይሆንና ትከሻው ላይ ይሰበሰባል። በቅስቱ ውስጥ ያለውን ጥግ ቆርጠው ሲጥሉ በውጭ በኩል 9 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክንፍ ይቀራል። የኋላውን ጥግ ክብ አድርገው ይቁረጡት፤ ርዝመቱም ከጅራቱ ሥር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢያጥር ውሻው ሲጸዳዳ ካፖርቱ አይበላሽበትም። ወረቀቱ በሁለቱም በኩል ሲዘረጋ ሆዱ የሞላ «ሀ» ፊደል ይመስላል።

መቀስ ከማንሣትዎ በፊት ሜትሩን በጠርዙ አቁመው የቅስቱን ርዝመት ይለኩ። በእኛ ምሳሌ 26 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል፤ እጥፉ 53 ነው ማለት ነው። ይህ ከአንገቱ ዙሪያ በ12 ወይም በ13 ሴንቲ ሜትር መብለጥ አለበት፤ ከትርፉም 8 ወይም 9 ሴንቲ ሜትሩ ክንፎቹ ለሚደራረቡበት ይውላል፣ የተረፈው ለአንገቱ መላወሻ ይሆናል። ትርፉ ከዚህ ካነሰ ቅስቱን በትንሹ፣ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ መጠን እየቀረፉ ያስፉት። የጠበበ አንገት ሊሰፋ ይችላል፤ የሰፋውን ግን ማጥበብ አይቻልም።

የቀረው የሆድ ቀበቶ ነው። ከደረቱ ዙሪያ 65 ላይ የጀርባውን ቁራጭ 44 ስንቀንስ 21 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል። በግራ በኩል ከካፖርቱ ሥር ገብቶ ለሚሰፋበት 3፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ከላይ ወጥቶ ለሚደራረብበት 12 ስንጨምርበት የቀበቶው ርዝመት 36 ሴንቲ ሜትር ይመጣል፤ ስፋቱ 12 ቢሆን በቂ ነው። ቀበቶውን ከፊት እግሩ ብብት ቢያንስ ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ አርቀው ይስፉት፤ ብብት ሥር የሚያርፍ ጠርዝ ውሻው በተራመደ ቁጥር ይፈትገዋልና ስስ ቆዳውን ያቆስለዋል። ወደ ኋላ አብዝቶ ማስፋትም አይገባም፤ ወንድ ውሻ ሲሸና ይረጥብበታል፣ እርጥብ ቀበቶ አጥልቆ ከሚውል ደግሞ ያለ ካፖርት ቢውል ይሻለዋል።

የመጀመሪያውን ካፖርት ከአሮጌ አንሶላ ቆርጠው በስፒል አያይዘው ይሞክሩት፤ ውሻው ጥቂት እንዲራመድ፣ እንዲቀመጥና ጎንበስ ብሎ መሬቱን እንዲያሸት ያድርጉት። ሲያጎነብስ ክንፎቹ ጉሮሮውን የሚጫኑት ከሆነ ቅስቱ ገና ጥልቅ መሆን ይቀረዋል። አንሶላ እንደ ፍሊስ ስለማይለጠጥ በአንሶላ የተመቸ ልክ በፍሊስ አይጠብም። ጨርቅ ለመቆጠብ ለሚያስቡ ደግሞ፣ ስፋቱ 150 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፍሊስ አንድ ሜትር ቢገዙ በምሳሌው ልክ ሦስት ካፖርት ከነቀበቶዎቻቸው ይወጣዋል፤ ሦስቱን የጀርባ ቁራጮች ጎን ለጎን ቢያኖሯቸው 132 ሴንቲ ሜትር ይይዛሉ፣ ከርዝመቱ በሚተርፈው 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ቀበቶዎቹ ይቆረጣሉ።

ጥያቄ፦ «ፍሊስ ብዙ ዓይነት ነው፤ ስሱም ወፍራሙም አለ። የትኛውን ልምረጥ? ቤት ውስጥ ያለውን አሮጌ ብርድ ልብስስ መጠቀም እችላለሁ?»

መልስ፦ ፍሊስ በድርና ማግ የተሸመነ ሳይሆን፣ እንደ ሹራብ ከፖሊስተር ክር ተጠላልፎ ከተሠራ በኋላ ገጹ በብሩሽ ተቦጭቆ እንዲያጎፍር የተደረገ ጨርቅ ነው። ዛሬ በምናውቀው መልኩ ገበያ ላይ የዋለው አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ የነበረው ማልደን ሚልስ የተባለ ፋብሪካ በ1979 እንደ ኤሮፓ አቆጣጠር ከሠራው በኋላ ነው። ለእኛ ሥራ ከአሠራሩ ሁለት ጥቅሞች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ሲቆረጥ ጠርዙ ስለማይተረተር መጠቅለል ወይም በኦቨርሎክ፣ ማለትም ጠርዝ በሚቋጥረው የስፌት መኪና፣ መያዝ ግድ አይሆንም። ሁለተኛ፣ በጉፍረቱ መካከል አየር ስለሚይዝና ክሩ ራሱ ውኃ ስለማይመጥ ቀላል ሆኖ ያሞቃል፣ ታጥቦም ቶሎ ይደርቃል።

ለካፖርት የሚሆነው በካሬ ሜትር 200 ግራም ገደማ የሚመዝነው መካከለኛው ነው። ከዚህ የሳሳው በቂ ሙቀት አይሰጥም፤ 300 ግራም የሚደርሰው ደግሞ ሲደራረብ በመኪናው እግር ሥር አልገባ ይላል፣ ውሻውንም እንደ ልብ አያንቀሳቅሰውም። የፍሊስ ደካማ ጎኑ ንፋስና ዝናብ ነው፤ ንፋስ በቀላሉ ያልፍበታል፣ ዝናብም ሲበዛበት ውኃው በጉፍረቱ መካከል ይቀመጣል። ስለዚህ የፍሊስ ካፖርት የደረቅ ቅዝቃዜ ልብስ ነው። ዝናብ ላይ ለሚወጡ ውሾች ከፈለጉ ፍሊሱን ገበር አድርገው ውኃ የማያሳልፍ ናይለን ከላይ ይደርቡበት፤ ይህ ግን ከቀላል ሥራ ስለሚያልፍ ለብቻው ሌላ ጊዜ የሚታይ ነው።

ከመቁረጥዎ በፊት ጨርቁን በእጅዎ ሳብ ያድርጉት። አብዛኛው ፍሊስ በቁመቱ እምብዛም፣ በወርዱ ግን በደንብ ይለጠጣል፤ የሚለጠጠው ወገን የውሻውን ደረት እንዲዞር አድርገው ንድፉን ያስቀምጡ። በዚያው አቅጣጫ የተቆረጠውን ጠርዝ ሲስቡትም ጨርቁ ወደ አንዱ ገጽ ይጠቀለላል፤ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀለልበት ገጽ ውስጡ ነው። ምልክት ለማድረግ ስስ የሳሙና ቁራጭ ከእስክሪብቶ ይሻላል፤ የእስክሪብቶ መሥመር በጉፍረቱ ውስጥ ይጠፋል፣ ወይም ጨርሶ አይለቅም።

አሮጌ የፍሊስ ብርድ ልብስ ካለዎት እሰየው። ወደ ብርሃን አንሥተው ይዩትና ጉፍረቱ የተመለጠበትን ቦታ አልፈው ይቁረጡ። የጥጥ ወይም የሱፍ ብርድ ልብስ ግን ለዚህ ሥራ አልመክርም፤ ጠርዙ ይተረተራል፣ ሲረጥብም ከብዶ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም።

ጥያቄ፦ «ፍሊስ ስሰፋ መኪናው ስፌት ይዘላል፤ ጠርዙም እንደ ሞገድ እየተገላበጠ ይወጣል። የመኪናው ችግር ነው ወይስ የእኔ?»

መልስ፦ ከመኪናው ይልቅ መርፌውን እጠረጥራለሁ። ለተሸመነ ጨርቅ የሚሆነው ሹል መርፌ የሹራቡን ክር እየወጋ ስለሚያልፍ ስፌት ያዘልላል፤ ጫፉ ድቡልቡል የሆነውንና ለሚለጠጥ ጨርቅ የተሠራውን 90 ቁጥር መርፌ ያስገቡ። ክሩ ፖሊስተር ይሁን። የስፌቱን ርዝመት ወደ 3 ወይም 3.5 ሚሊ ሜትር ከፍ ያድርጉ፤ ጨርቁ ሲለጠጥ ስፌቱ እንዳይበጠስ ጠባብ ዚግዛግ ይምረጡ። ሞገዱ የሚመጣው የመኪናው እግር ጨርቁን አጥብቆ ስለሚጫነውና እርስዎም ከኋላ ስለሚጎትቱት ነው። መኪናዎ የእግሩን ጭነት መቀነሻ ካለው ይቀንሱት፤ ከሌለው ጨርቁን በእጅዎ መምራት እንጂ መሳብ ይተዉ። ፍሊስ ብናኝ ስለሚበዛው አንድ ካፖርት በጨረሱ ቁጥር ቦቢኑ ያለበትን ክፍል ከፍተው በብሩሽ ያጽዱ።

ስለ ስፒል አንድ ነገር ልጨምር። በፍሊስ ውስጥ የገባ ስፒል ራሱ ድረስ ይሰምጣል፤ እጅዎን ቢያሳልፉበት እንኳ ላይሰማዎት ይችላል፣ ውሻው ሲተኛበት ግን ይሰማዋል። ራሱ ባለ ቀለም የሆነ ስፒል ይጠቀሙ፤ ስንት እንደ ሰኩ ቆጥረው ሲጨርሱም ስንት እንደ ነቀሉ ይቁጠሩ። መኪና የሌላቸው አንባብያን አያፍሩ፤ ድርብ ክር ይዘው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እየተመለሱ በእጅ ቢሰፉት ቀበቶው የመኪና ስፌት ያህል ይጠነክራል።

ጥያቄ፦ «መዝጊያውን በቁልፍ ላድርገው ወይስ በቬልክሮ? ከዚህ በፊት የሰፋሁት ቬልክሮ ፀጉር ተሞልቶ መያዝ አቆመ።»

መልስ፦ ቁልፍ፣ ዚፕና የሚንጠለጠል ገመድ ለመጠለያ ውሻ አይሆኑም። ውሻ ሲሰለቸው ያገኘውን ያኝካል፤ የተዋጠ ቁልፍ አንጀት ሊዘጋ ይችላል፣ ገመድም በአጥር ሽቦ ሊያዝ ይችላል። ቬልክሮ ከእነዚህ ሁሉ ይሻላል። በነገራችን ላይ ፈልሳፊው ጆርጅ ደ ሜስትራል የተባለ የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ሐሳቡን ያገኘው በ1941 ከውሻው ጋር ወጥቶ ሲመለስ በውሻው ፀጉርና በልብሱ ላይ የተጣበቀውን፣ እንደ ጭጎጎት ያለ የዕፅ ፍሬ ሲመረምር ነበር፤ ዓመቶቹ እንደ ኤሮፓ አቆጣጠር ሲሆኑ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በ1955 ነው። እንግዲህ ቬልክሮ ፀጉር ቢወድ ከጥንቱም ከዚያው የተገኘ ነውና አይፈረድበትም።

መፍትሔው ሁለቱን ገጾች በየቦታቸው ማስቀመጥ ነው። ሻካራው፣ ማለትም ባለ መንጠቆው ገጽ ሁልጊዜ ከውሻው ተቃራኒ ወደ ውጭ መመልከት አለበት፤ ለስላሳው ወደ ውሻው ይዙር። በእኛ ካፖርት ይህ ማለት ሻካራው በካፖርቱ የቀኝ ጎን ላይ በውጭ፣ ለስላሳው በቀበቶው ጫፍ ላይ በውስጥ በኩል ይሰፋል ማለት ነው፤ በደረቱም ላይ ከሥር የሚሆነው ክንፍ ሻካራውን፣ ከላይ የሚደረበው ለስላሳውን ይይዛል። ሻካራውን 6፣ ለስላሳውን 12 ሴንቲ ሜትር ካደረጉት ካፖርቱ ቢጠብም ቢላላም መንጠቆዎቹ ሙሉ በሙሉ ይሸፈናሉ፤ ፀጉር የሚሰበስበው ተጋልጦ የሚቀረው መንጠቆ ነውና። ስፋቱ ከ4 ሴንቲ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው። በጀርባው ሙጫ ያለበትን ዓይነት አይግዙ፤ ሙጫው መርፌውን ያጣብቀዋል። አራቱንም ጠርዝ ዙሪያውን ይስፉ፣ ማዕዘኖቹን በትንሹ ክብ አድርገው ይቁረጡ፤ ሹል የቬልክሮ ማዕዘን ቆዳ ይቧጥጣል። የተሞላውን ፀጉር በመርፌ ጫፍ ወይም በጠንካራ የጥርስ ብሩሽ ማውጣት ይቻላል።

ጥያቄ፦ «በመጠለያ በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። አንዳንዶቹ ውሾች ካፖርት ሲያዩ ጥግ ይይዛሉ፤ አንዲቱ የቬልክሮውን ድምፅ ስትሰማ እጄን ልትነክሰኝ ነበር። ምን ባደርግ ይሻላል?»

መልስ፦ ከላይ የሰጠነው ንድፍ በጭንቅላት በኩል የሚጠለቅ ያልሆነው ለእንዲህ ያሉት ውሾች ሲባል ነው። ጨርቅ ዓይኑ ላይ ሲወርድበት ለአፍታም ቢሆን ማየት የሚከለከል ውሻ፣ በተለይም የሰው እጅ ክፉ ያደረገበት ከሆነ፣ ራሱን ለመከላከል ቢናከስ አይገርምም። ጠፍጣፋው ካፖርት ግን ከጎን መጥቶ ጀርባ ላይ ያርፋል፣ ከፊትና ከሥር ይዘጋል።

ድምፁን በተመለከተ ትዝብትዎ ትክክል ነው። ቬልክሮ በአንድ ጊዜ ሲላቀቅ የሚያሰማው የመቀደድ ድምፅ ለውሻ ጆሮ ድንገተኛና ቅርብ ነው። በአንድ እጅዎ የታችኛውን ጨርቅ ተጭነው ይዘው በሌላው ከጥግ ጀምረው ቀስ አድርገው ይላጡት። ይህም የማይበቃት ውሻ ካለች ቀበቶው ላይ በቬልክሮው ፋንታ ሰፊ የፕላስቲክ መቆለፊያ ሰፍቶ መስጠት ይቻላል፤ እርሱም ሲገጥም ቀጭ ይላልና በመጀመሪያ ከርሷ ራቅ ብለው ደጋግመው እየቆለፉ ያስለምዷት።

ከማልበስ በፊት ካፖርቱ ወለል ላይ ተዘርግቶ ይዋል፤ ውሻዋ በራሷ ጊዜ ቀርባ ታሽትተው፣ የምትወደው ምግብም በላዩ ላይ ይቀመጥላት። ቀጥሎ ሳይዘጋ ጀርባዋ ላይ ለጥቂት ሰከንዶች ያርፍና ይነሣ። መዝጋቱ የመጨረሻው ነው። አፏን የምትልስ፣ እንቅልፍ ሳይመጣባት የምታዛጋ፣ የዓይኗን ነጭ እያሳየች ወደ ጎን የምትመለከት፣ ወይም ድንጋይ ሆና የምትደርቅ ከሆነ ፈርታለችና ይቁሙ። ብዙ ሰው ደርቃ መቆሟን እንደ ፈቃደኝነት ይቆጥረዋል፤ ንክሻው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዳንዱ ውሻ ካፖርት አልለብስም ካለ ደግሞ ደረቅ መኝታና ንፋስ የማይገባበት ጥግ ማግኘቱ ከካፖርቱ በላይ ይጠቅመዋል፤ አይታገሉት።

ጥያቄ፦ «ካፖርቱስ እንዴት ይታጠባል?»

መልስ፦ ቬልክሮውን ዘግተው፣ ካፖርቱን ገልብጠው፣ በ30 ወይም በ40 ዲግሪ ውኃ ይጠቡት። የልብስ ማለስለሻ አይጨምሩ፤ ክሩን እየሸፈነ ጉፍረቱን ያጣብቀዋል። ካውያ ፈጽሞ አይነካው፤ ፖሊስተር ሙቀት ሲያገኘው ጉፍረቱ ተኝቶ ይቀራል፣ ካውያው ከበረታም ይቀልጣል። በዚሁ ምክንያት ካፖርት የለበሰ ውሻ እሳት ወይም የጋለ ማሞቂያ አጠገብ መተኛት የለበትም። ጭርት ወይም እከክ ያለበት ውሻ የለበሰውን ለሌላ ውሻ አያሻግሩ። ውሾችን ክፉኛ የሚያስቀምጠው ተላላፊው የፓርቮ ቫይረስ የነካው ጨርቅ ደግሞ በተራ ሳሙና አይጸዳም፤ ቫይረሱ ከውሻው ውጭ ለወራት ሊቆይ ስለሚችል እንዲህ ያለውን ካፖርት ሳይሳሱ መጣል ይሻላል። የተሰፋበት ቀላልነት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ የተደከመበትን ልብስ መጣል ለማንም ይከብዳል።

ጥያቄ፦ «ጓደኞቼን አሰባስቤ በርከት አድርገን ልንሰፋ አስበናል። በምን ልክ ብንሰፋ ይሻላል? ውሾቹስ ሌሊቱን ለብሰውት ያድራሉ?»

መልስ፦ ጨርቅ ከመግዛታችሁ በፊት መጠለያውን ጠይቁ። መጠለያው ውስጥ ያሉትን ውሾች የደረት ልክና የሚለበስበትን ምክንያት የሚያውቁት እዚያ የሚሠሩት ናቸው፤ አንዱ ቦታ ለትንንሽና ለአረጋውያን፣ ሌላው ከቀዶ ሕክምና ለወጡ ትልልቅ ውሾች ሊፈልግ ይችላል። ሳይጠይቁ የሰፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጡት እጅግ ትንንሹን ነው፤ ጨርቅ ስለሚቆጥብና ሲታይ ስለሚያምር ይመስለኛል። የደረት ማሰሪያ የሚጠቀሙ ከሆነም ይንገሯችሁ፤ ማሰሪያው በካፖርቱ ሥር የሚውል ከሆነ ገመዱ የሚወጣበት 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀዳዳ በጀርባው መሐል ላይ ይቆረጣል፣ ዙሪያውም በዚግዛግ ይያዛል።

ስለ ሌሊቱ፣ ሰው በማይጠብቃቸው ሰዓት ለብሰው መተዋቸውን አልደግፍም፤ በተለይ ሁለት ውሾች በአንድ ክፍል ካሉ አንዱ የሌላውን ካፖርት እየጎተተ መጫወቱ አይቀርም፣ የተበጣጠሰውም ይዋጣል። ለሌሊቱ ከዚያው ጨርቅ ወፍራም ምንጣፍ ብትሰፉላቸው ይሻላል። ሐኪም አዝዞ ማደር የግድ ከሆነ ብቻውን የሚያድር ውሻ ይሁን፣ ካፖርቱም ጠዋትና ማታ ወልቆ ብብቱና አንገቱ ይታይ፤ ፀጉሩ የሳሳበት ወይም ቆዳው የቀላበት ቦታ ካለ ልኩ ትክክል አይደለም።

ልኩን የምትጽፉትም «ትንሽ»፣ «መካከለኛ»፣ «ትልቅ» እያላችሁ ሳይሆን በደረት ዙሪያ ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ለአንዱ መካከለኛ የሆነው ለሌላው ትልቅ ነውና። በምሳሌው የተሰፋው ካፖርት ቀበቶው ሲጠብቅና ሲላላ ከ62 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ደረት ስለሚይዝ «ደረት 62–70» ተብሎ በማይለቅ ቀለም በነጭ ጥብጣብ ላይ ይጻፍ። ጥብጣቡን በአንገቱ ውስጥ ሳይሆን በኋላው ጠርዝ ላይ በውጭ በኩል ስፉት፤ እንዲህ ከሆነ ካፖርቶቹ ታጥፈው መደርደሪያ ላይ ሲደራረቡ ሠራተኛው አንድ በአንድ ሳይዘረጋቸው የሚፈልገውን ልክ አንብቦ መሳብ ይችላል።